የጅዳ ወበቅና የቤታችን አየር ማቀዝቀዣ

የዚህ ወር የጉዞ ገጻችን ወደ ቀይ ባሕር ማዶ፣ ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዘው ወገናችን ወደሚያርፍባት፣ ብዙ ቤተሰቦቻችንም ኑሮ ወደመሠረቱባት ወደ ጅዳ ይወስደናል። ስለ ገበያዋና ስለ ሕንጻዎቿ ብዙ ተብሏል፤ እኛ የምንመለከተው አየሯን ነው። በዚህ አየር ሳቢያ በየቤቱ ጭቅጭቅ ይነሳል፤ በላብ የተገኘ ገንዘብም ያለ አግባብ ይወጣልና።

ጅዳ የመካ የባሕር በር ናት። በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ647 ገደማ፣ የመካ ወደብ እንድትሆን ከመመረጧ በፊት መርከቦች ያርፉ የነበረው ከእርሷ በስተደቡብ በሚገኘው በሹዐይባ ነበር። በ615 ወደ ሐበሻ ምድር የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ባሕሩን የተሻገሩት ከዚያ እንደነበር ይተረካል። እንግዲህ ይህ ጠረፍና የእኛ አገር የቆየ ትውውቅ አላቸው።

ከደጋ አገር ለሚሄድ ሰው ግን የጅዳ አየር እንግዳ ነው። በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ ልብስ ከገላ ላይ ይጣበቃል፤ ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ደጅ ሲወጣ መነጽር ጉም ይለብሳል። ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው፤ አየሩ አስቀድሞ በባሕሩ እንፋሎት ከጠገበ ግን ላባችን መሄጃ ያጣል። አባቶቻችን ተራውን ሙቀት ከ«ወበቅ» የለዩት ያለ ነገር አይደለም።

የጥንት የጅዳ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። አል-በለድ በሚባለው አሮጌው ከተማ የሚታዩት ቤቶች ከቀይ ባሕር በተወሰደ የዛጎል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ሮሻን የሚባሉት ወደ ውጭ የወጡ የእንጨት መስኮቶች የባሕሩን ነፋስ ወደ ውስጥ እያስገቡ የቤቱን ሰው ከመንገደኛ ዓይን ይሸሽጋሉ። በ1881 የተጠናቀቀው የነሲፍ ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ አሮጌ ከተማ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን መፍትሔው ነፋስ ነበር፤ የዛሬው የሲሚንቶ ቤት ግን መስኮቱን ዘግቶ፣ ዐረቦቹ «ሙከይፍ» በሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ ይኖራል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባውም እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ርቃ በበረሃ መካከል በምትገኘው በሪያድ ሙቀቱ 43 ዲግሪ ደርሶ እንኳ ክፍሉ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በጅዳ ግን 35 ዲግሪ ሆኖ መሣሪያው ሲያጓራ ያመሻል። ባል «ተበላሽቷል» ይላል፤ ሚስት «ቁጥሩን ዝቅ አድርገው» ትላለች፤ በማግስቱ ጠጋኝ ይጠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወበቅ አገር መሣሪያው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው አየሩን ማብረድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአየሩ ውስጥ ውሃ መጭመቅ ነው። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጥ ውጪው እንደሚያልበው ሁሉ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ቱቦም የክፍሉን እንፋሎት እየያዘ ወደ ውሃነት ይለውጠዋል። እንፋሎት ውሃ ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ይህንንም ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ የሚጥለው ያው መሣሪያ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ርዝመቱና ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። በጅዳ 35 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ባለበት ምሽት በክፍሉ አየር ውስጥ ከ1 ሊትር በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ አለ። ክፍሉ 25 ዲግሪ ደርሶ እንዲመች ከዚህ ግማሽ ሊትር ያህሉ መውጣት አለበት። ግማሽ ሊትሩን ማውጣት ደግሞ የዚያኑ ክፍል አየር ከ20 ዲግሪ በላይ እንደማብረድ ያለ ድካም ነው። በደረቁ የሪያድ አየር ይህ ሸክም የለም ማለት ይቻላል። በውሃ በሚርስ ገለባ ውስጥ አየር የሚያሳልፈው ርካሹ የበረሃ ማቀዝቀዣ በሪያድ ሠርቶ በጅዳ የማይረዳውም ስለዚሁ ነው፤ በእርጥብ አየር ላይ እርጥበት ይጨምራልና።

የባሕሩ እንፋሎት ሳያንስ እኛም እንጨምርበታለን። የተኛ ሰው በትንፋሹና በገላው በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ይለቃል። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል 8 ሰዓት ቢያድር ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። በዚህ ላይ የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስና ክፍት የቀረ የመታጠቢያ ቤት በር አለ። ባሕሩን ማድረቅ አንችልም፤ የቤታችንን እንፋሎት መቀነስ ግን በእጃችን ነው። እንጀራ ሲጋገር የማድ ቤቱን በር መዝጋትና እንፋሎቱን ወደ ውጭ ማስወጣት፣ ልብስን ደጅ ወይም ሰገነት ላይ ማስጣት፣ የበርና የመስኮት ክፍተቶችን መድፈን ያስፈልጋል። የመስኮት ማቀዝቀዣ ከሆነ የውጭ አየር ማስገቢያው መዘጋቱን እንይ። ማጣሪያውንም በየሁለት ሳምንቱ እንጠብ፤ አቧራ የዘጋው ማጣሪያ ቱቦውን በረዶ ሊያስይዘው ይችላል።

ቁጥሩን 16 ላይ ማድረግ ተራውን መሣሪያ አያፈጥነውም፤ የሚቆምበትን ጊዜ ብቻ ያርቀዋል። 24 ወይም 25 ላይ አድርጎ መታገሥ ይሻላል። ከልክ በላይ ትልቅ መሣሪያ መግዛትም መፍትሔ አይደለም። አየሩን ቶሎ አብርዶ ውሃውን ሳይጨምቅ ስለሚያርፍ ክፍሉ ቀዝቃዛ ግን እርጥብ ይሆናል፤ ግድግዳውም ይሻግታል።

በተለይ ለአገሩ አዲስ የሆኑ ወገኖቻችን «ጋዙ አልቋል» የሚለውን ቃል ሳያጣሩ እንዳይቀበሉ እናሳስባለን። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ ቤንዚን የሚቃጠል አይደለም። ጎድሎ ከተገኘ ፈስሷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳው ሳይደፈን በየዓመቱ መሙላት ለእናት አባት ሊላክ የሚችለውን ገንዘብ መበተን ነው። በወበቅ ቀን ከማፍሰሻው ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ መሣሪያው እየደከመ እንጂ እየሰነፈ አይደለም። ለረጅም ሰዓት ሠርቶ ጠብታ ካልታየ፣ ቱቦው በረዶ ከያዘ፣ ወይም የሚነፍሰው አየር ከክፍሉ አየር ካልተለየ ግን እውነተኛ ባለሙያ ይጠራ።

ሃይማኖታችን ማባከንን ይከለክላል፤ ሳያጣሩ መፍረድንም እንደዚሁ። ጠጋኝ የሆኑ ወንድሞቻችንም የደንበኛ አለማወቅ አማና መሆኑን፣ ያልጎደለን ሞላሁ ብሎ ገንዘብ መቀበል ሐላል አለመሆኑን ያውቃሉ። በጅዳ የምትኖሩ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ማታ ክፍሉ ሲዘገይባችሁ ከመነጋገራችሁ በፊት ባልዲ ከማፍሰሻው ሥር አስቀምጡ። ጠዋት የምታገኙት ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ከምትተነፍሱት አየር የተጨመቀ ነው። ልጆቻችሁንም ጠርታችሁ አሳዩአቸው።

አላህ ቤታችሁን የሰላም ቤት ያድርግላችሁ። እስከሚቀጥለው ወር በሰላም እንሰንብት።