ሾክ ማጥበቅ መኪና አያነሳም
ክረምት ሲቃረብ ጋምቤላ ላይ የመኪና ከፍታ ወሬ ይጀመራል። ወደ ኢታንግና ላሬ አቅጣጫ ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ጎማ ይውጣልና አይፈረድም። ግን የሚስተካከለውን ሾክ አብዞርበር ማጥበቅ ብቻውን መኪናውን ከፍ አያደርገውም። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው፤ ሾኩ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ንጥረቱን ያበርዳል። ከፍታው የሚጨምረው የሞላው መቀመጫ ወደ ላይ ሲነሳ ነው፤ በአየር የሚሞላ ሾክም ያነሳል።

ባዶ መኪና ላይ እስከ መጨረሻው ማጥበቅማ ጎማው ጠጠሩን እየለቀቀ እንዲዘል ማድረግ ነው። በዚህ ሙቀት ረጅም ኮረኮንች ሲነዳ ዘይቱ ግሎ ይቀጥናል። ስትደርሱ ጎንበስ ብላችሁ ሾኩን እዩት፤ አቧራው በዘይት ርሶ ከተጣበቀበት ጎሚኒው አልቋል። ወላድ ይዞ ወደ ከተማ ለሚከንፍ ሾፌር፣ እኔ ከከፍታው ይልቅ ልስላሴውን እመርጥለታለሁ።