ሳንባ ሲቆም

ከአሜሪካ የመጣ የልብ ቀዶ ሕክምና ቡድን አዲስ አበባ ሲሠራ በማደንዘዣ ባለሙያነት ተመደብኩ። ታካሚዋ ከገጠር የመጣች ኮረዳ ናት፤ በልጅነቷ ሳይታከም የቀረ የቶንሲል ሕመም ወደ ልቧ ዞሮ ማይትራል ቫልቯን አበላሽቶታል።

ደሟ እንዳይረጋ ሄፓሪን ሰጠን። ደሟ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ (ኤሲቲው) ከ480 ሰከንድ ሲያልፍ የልቧንና የሳንባዋን ሥራ የልብ-ሳንባ ፓምፑ ተረከበ፤ ቬንቲሌተሩን አጠፋሁ። ያኔ ሐሳብ ገባኝ። ማደንዘዣ ጋዙን አይሶፍሉሬን ስሰጣት የነበረው በሳንባዋ ነው፤ አሁን መንገዱ ተዘጋ። ጡንቻዋን በመድኃኒት አስረነዋል፤ ብትነቃ እንኳ ጣቷን ማንቀሳቀስ አትችልም።

ፓምፑን የምታንቀሳቅሰው ፐርፊዥኒስት ጠና ያለች ሐበሻ ነበረች፤ ማደንዘዣውን የሚያተን ሁለተኛ ቬፖራይዘር ፓምፑ ላይ አስራለች። ኦክስጅኑና አየሩ በሳንባዋ ፋንታ የሚሠራው ኦክስጅኔተር ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በእሱ ያልፋሉ፤ ማደንዘዣው በፀጉር ቅጥነት ባላቸው ቱቦዎች ግድግዳ ሾልኮ ከደሙ ይቀላቀላል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ጠቆር ብሎ የገባው ደም ደማቅ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ጠዋት ቬፖራይዘሩን የሞላችው ከፓምፑ ራቅ ብላ ነው፤ ፈሳሹ የኦክስጅኔተሩ ፕላስቲክ ላይ ከፈሰሰ ሊሰነጥቀው ይችላል።

መደወያውን ከፍ ስታደርገው የደም ግፊቱ ወረደ፤ መድኃኒቱ የደም ሥር ያሰፋል። መለስ አድርጋ የአንጎሏን ሞገድ ወደሚያሳየው ሞኒተር ጠቆመችኝ።

«ወንድሜ፣ ስትቀዘቅዝ ትንሽ ይበቃታል። ደሙን ማሞቅ ስንጀምር ግን ዓይንህን ከዚህ እንዳትነቅል።»

አልነቀልኩም። ሙቀቷ ከ32 ዲግሪ ሽቅብ ሲል የሞኒተሩ ቁጥርም አብሮ ወጣ፤ እሷ ግን ቀድማኝ መደወያውን ነክታለች።

በዚያ ዘመን ማደንዘዣ ጋዝ ልብን ከጉዳት ይጠብቃል የሚለው ወሬ በሙያችን ገንኖ ነበር። ከ5,000 በላይ የልብ ደም ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ግን፣ በደም ሥር ብቻ ከሚሰጥ ማደንዘዣ ጋር ሲነጻጸር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚከሰት ሞት ላይ ልዩነት አላገኘበትም። እኔ ድሮም የወደድኩት ለሌላ ነው፤ መርፌ የሚገፋ ፓምፕ እንደ ልብ በማይገኝበት ቤት ቬፖራይዘሩ መብራት እንኳ አይጠይቅም።

ቡድኑ ሲሄድ ለክፍላችን ያስጻፍኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ለፓምፑ የሚሆን ቬፖራይዘር ነበር፤ ከነጋዝ መሳቢያው። ከኦክስጅኔተሩ የሚወጣውን ትርፍ ጋዝ የሚስብ ከሌለ የምንተነፍሰው እኛው ነንና።