ከራጉኤል ገበያ እስከ እናት ቤት

የራጉኤልን ሰፈር ከዐይን አስቀድሞ ጆሮ ያውቀዋል። ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ ወደዚያ ለሚያዘግም መንገደኛ የምን አለሽ ተራ የመዶሻ ድምፅና «ዞር በል!» የሚለው የተሸካሚ ጩኸት ከሩቅ ይሰማዋል። ኢጣልያ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥታ ወደ መርካቶ ካዛወረችው ወዲህ፣ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ የማይሸጥ ነገር የለም። አገር ቤት ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰውም መጀመሪያ የሚመጣው ወደዚሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴን ልጅ ተከትዬ ወደዚያ ወረድሁ። እርሱ መምህር ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው ለእናቱ ቤት ሊሠራ ስድስት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዟል። በኪሱ ያለው ዝርዝር አጭር ነበር፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ብሎኬት።

«ጋሼ፣ እማማ ከእንግዲህ ሣር አላለብስም ብላለች» አለኝ። እውነቷን ነው። ለክዳን የሚሆን ሣር እንደ ድሮው አይገኝም፤ የተገኘውም በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከአልጋዋ ሥር ገበቴ የምትደቅን እናት ቆርቆሮ ብትመኝ አይፈረድባትም።

ነጋዴው «32 ጌጅ ነው ወይስ 28?» ሲል ጠየቀን። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ነገር ግን ወፈረም ሳሳ፣ ቆርቆሮ ብቻውን ብርድ አይከላከልም። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል፤ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ለቆ ይቀዘቅዛል። በታኅሣሥ ውርጭ እናቲቱ ከሣሩ ቤት ይልቅ በአዲሱ ቤት ብትንቀጠቀጥና ሌሊቱን እሳት ስታነድ ብታድር፣ የስድስት ዓመት ቁጠባ ምን ጠቀማት?

ይህን እየተነጋገርን ወደ ጭድ ተራ ደረስን። የሰፈሩ ስም ሁለታችንንም አሳሰበን። ከተሜው ሰፈሩን በጭድ ስም ይጠራል፤ የልጁ አባት አውድማ ግን በየዓመቱ ጭዱን በነጻ ይሰጣል። ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። ግማሽ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የአፈር ግድግዳ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ተቀብሎ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሰዋል።

«የጭቃ ቤት ሠራ ብለው ይስቁብኛል» አለ ልጁ። ስለዚህ ልደታ አካባቢ ያለውን፣ ቀድሞ ኢትዮ ስዊድን ይባል የነበረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ተቋም አነሣሁለት። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተቋሙ ሰዎች ከስዊስ አገር፣ ከዙሪክ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከተጠቀጠቀ አፈርና ከአፈር ጡብ ባለ አንድ ፎቅ የናሙና ቤት ሠርተዋል። የተማረ ያላፈረበትን አፈር እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ዝርዝሩን ገልብጠን በጀርባው ቤቱን ነደፍነው። መሠረቱ ከድንጋይ፣ ግድግዳው ከወፍራም የጭቃ ጡብ። ቆርቆሮው ይቀራል አላልንም፤ እናቲቱ የፈለገችው ነውና። ነገር ግን ከሥሩ በቀርከሃ ተማግሮ በጭድ ጭቃ የተለሰነ ኮርኒስ ይኖረዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አየር እንደ ጋቢ ያገለግላል። የጣራው ክፈፍ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታው ረዘም ይላል። የመኝታ ቤቱ መስኮት የማለዳ ፀሐይ እንዲገባበት ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። አሸንዳም ይገጠማል፤ 50 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ወደ 1,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ይኸውም እናቲቱ ከምንጭ የማትሸከመው 50 ጀሪካን ማለት ነው።

ብሎኬቱ ከዝርዝሩ ተሠረዘ፤ ሲሚንቶው አነሰ። በተረፈው ገንዘብ ከምን አለሽ ተራ ሁለት ያገለገሉ ባለ መስታወት መስኮቶች፣ ቀጥሎም አንዲት የፀሐይ መብራት ገዛን። ለማድ ቤቱም ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ታሰበ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጢሱም ያንሳል። የአክስቴ ዐይን ከጢስ የተነሣ ዘወትር እንደሚያነባ ስለማውቅ፣ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ይህ ነበር።

ማታ ልጁ ወደ እናቱ ስልክ ደወለ። እርሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቆርቆሮው ተገዛ?»

«ተገዝቷል፣ እማማ። አንቺ ጭዱን ለከብት አትጨርሺው፤ ለግድግዳ አስቀምጪልኝ» አላት።