ስለ ቤት ዳቦና ስለ ቢሮ ሰዓት

በመንግሥት ሥራ በተጠመደ ሰው ቤት ዳቦ አይጋገርም የሚል አሳብ በከተማችን በተበላ ሲነገር እንሰማለን። ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኞች ከሆኑ፥ ልጆችም በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ከሆነ፥ ከሱቅ ከሚገዛው ነጭ ዳቦ በቀር ሌላ መንገድ የለም ይባላል። እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም፤ ምክንያቱንም ለክቡራን አንባብያንና ለቤት እመቤቶች ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ተበላ በወላይታ ዞን የሁምቦ ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟ የወላይታ ስም እንጂ የአማርኛ ግሥ አይደለም፤ ነገር ግን ከሰሜን የመጣ እንግዳ ስሟን በሰማ ጊዜ «ምኑ ተበላ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እኛም «ዳቦው» ብለን እንመልስለታለን። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቁሞ ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የቢሮው ሥራ በዝቷል፤ እኛም በየማለዳው መኪና ተሳፍረን ወደ ሶዶ ከሚወጡት ሠራተኞች ወገን ነን። ባለቤታችን ደግሞ አስተማሪ ናት።

በቤታችን ዳቦ ይጋግሩ የነበሩት እናታችን ናቸው። እጃቸውን ቁርጥማት ከያዛቸው በኋላ ግን ማቡካት ተሳናቸው። ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ስለ ቁርስ ብቻ አልነበረም። እናታችን ከአንዱ ቡኮ ለሚቀጥለው እያስቀሩ ለብዙ ዓመት ያቆዩት እርሾ ከእርሳቸው ጋራ ይቅር ወይስ ወደ ልጅ ልጆቻቸው ይለፍ የሚል ነበር። ባለቤታችን ቀን ሙሉ አስተምራ፥ ማታ የተማሪ ደብተር ስታርም፥ በዚያ ላይ የማቡካትን ድካም ብንጨምርባት ግፍ ይሆናል። ስለዚህ የምናቦካው እኛ ሆንን። እናታችንም «ልጄ፥ የወንድ እጅ ቡሃቃ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉን፤ ጎረቤትም ሰምቶ ሳቀ። የእኛ መልስ ይህ ነው፤ የአባቶቻችን ሠራዊት በዘመቻ ጊዜ ድንጋይ አግሎ፥ በሊጥ ሸፍኖ፥ ከፍም ላይ አገላብጦ ብርኩታ ይበላ ነበር። ያን ጊዜ ወንድነቱ ጐደለ ያለው ሰው አልነበረም። በሰፈር የተፈቀደው በቤት የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም።

ነገር ግን የቀረውን ጭቅጭቅ ያበረደው ክርክራችን ሳይሆን የሥራው መቅለል ነው። ዳቦ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ እንጂ ብዙ የሰው ድካም አይደለም፤ ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ነው ጊዜ የለኝም የሚለው። የስንዴ ዱቄት በውሃ ሲርስ፥ በውስጡ ያለው እንደ ሙጫ የሚሳብ ነገር ባይታሽም እንኳ በራሱ ቀስ እያለ ይያያዛል። ሊጡን የሚያጠነክረው የክንድ ጉልበት ነው፤ ጉልበት ከሌለ ግን ሰዓት ይተካዋል። ጂም ሌሂ የተባለ የኒው ዮርክ ዳቦ ጋጋሪ ይህንኑ ዘዴ፥ ማለት በጣም ጥቂት እርሾ አግብቶ ሳያሹ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ማሳደርን፥ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው ከተማ ጋዜጣ በኒው ዮርክ ታይምስ አስነግሮ ነበርና የብዙ አገር ሰው ተከተለው። የወላይታ እናቶች ግን ቢሰሙት ብዙ የሚደነቁ አይመስለንም። እንሰቱ ተፍቆ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር፥ ለሳምንታት አንዳንድ ጊዜም ለወራት የሚያብላላው ቀኑ ነው፤ ሰው እያረፈ ቆጮው ይደርሳል።

እንግዲህ የእኛ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከራት በኋላ፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፥ 1 ኪሎ ዱቄት ወደ ቡሃቃ እንጨምራለን፤ ግማሹ ፉርኖ ዱቄት፥ ግማሹ በወፍጮ ቤት ከነገለባው የተፈጨ ስንዴ ነው። 20 ግራም ጨው፥ አንድ የቡና ሲኒ እርሾ፥ 700 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ እንጨምርና ደረቅ ዱቄት እስከማይታይ ድረስ እናዋሕደዋለን። ይህ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። ጥቁር አዝሙድ የሚወድ ይጨምር፤ ኮረሪማ ግን ለበዓል ድፎ ቢቆይ እንመርጣለን። ቡሃቃውን ከድነን እንተኛለን።

በዚህ ላይ የአገሩን አየር መመልከት ይገባል። ተበላ ቆላ ቀመስ ናትና ሊጥ ቶሎ ይነሣል፤ ሶዶ ግን በዳሞታ ተራራ ሥር ቀዝቀዝ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፥ በዚያ ያለ ዘመዳችን በዚሁ መጠን ቢያቦካ ሊጡ በጧት ገና አልነቃም። እርሱ እርሾውን ሁለት ሲኒ ያደርጋል፤ እኛ ደግሞ በበጋ ከአንድ ሲኒ እናጐድላለን። ጧት አቡክቶ ለማታ ማድረስ በእኛ ከተማ አይመከርም፤ የቀትሩ ሙቀት ሊጡን ከመጠን ያለፈ ያኮመጥጠዋል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ግን ሊጡን እስከ 3 ቀን አስቀምጦ በየጧቱ እየቈረጠ ሊጋግር ይችላል፤ መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ግን በዚህ አይታመኑ።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥተን ምጣዱን እናሰማለን። የእንሰቱ ቅጠል ከጓሮ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ኮባ ብሎ ከገበያ የሚገዛውን እኛ በቢላዋ ቈርጠን እናመጣለን፤ እንዳይቀደድም በእሳት ለብለብ እናደርገዋለን። ሊጡን በዱቄት በተነሰነሰ እጅ ሰብስበን በቅጠሉ ላይ አንጥፈን፥ 45 ደቂቃ ያህል እናሳርፈዋለን፤ በዚህ መካከል ልብስ ይለበሳል፥ ልጆች ይቀሰቀሳሉ። ከዚያ በቅጠል ሸፍነን፥ ከታች እሳት፥ ከላይም በብረት ምጣድ ፍም አድርገን 40 ደቂቃ እንጋግረዋለን። ቅጠሉ ለሽታ ብቻ አይደለም። ከሊጡ የሚወጣውን እንፋሎት ይዞ ያቆየዋል፤ ቅርፊቱም ቶሎ እንዳይደርቅ ስለሚከለክለው ዳቦው እስኪነሣ ድረስ ለስላሳ ሆኖ ይጠብቃል። ቅጠል ያላገኘ ሰው ክዳን ያለው ወፍራም ብረት ድስት ቢጠቀም ያው ነው።

በአክሱም ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ላይ የንጉሡ መልክ በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ተቀርጾ ይታያል። ይህን ያነሣነው ለትምክህት አይደለም፤ እህልን ከዘውድ አጠገብ ያስቀመጠ አገር ልጅ ቡሃቃ ለመንካት የሚያፍርበትን ነገር ለማወቅ ስለተቸገርን ነው።

ዳቦው ከምጣድ ሲወርድ ወደ እናታችን ይቀርባል። ገልብጠው ሥሩን በጣታቸው ይመቱታል፤ እንደ ከበሮ ከጮኸ በስሏል፥ ካልጮኸ ይመለሳል። ማቡካት ቢሳናቸውም ይህ ፍርድ የእርሳቸው ነው፤ ይግባኝም የለውም። ልጆቹ ትኩሱን ለመቍረስ ሲጣደፉ «ይብረድ፥ ሆድ ይነፋል» ብለው ይከለክላሉ፤ ትኩስ ዳቦ ሲቈረጥ ውስጡ እንደ ሊጥ መጣበቁም እውነት ነው። ለቁርስ ካልደረሰ ለትምህርት ቤት ምሳ ይቋጠራል፥ የተረፈውም በሁለተኛው ቀን ፍርፍር ይሆናል።

እርሾውንም አሁን የሚያስቀረው የ9 ዓመት ልጃችን ነው። ከማታው ቡኮ ጭብጥ የምታህል ቈርጦ፥ በትንሽ ጋን አኑሮ፥ አፉን በጨርቅ ያስራል። አያቱ ባለፈው ሳምንት ከዚያው ከፍለው፥ መጀመሪያ ስቆብን ለነበረው ለዚያው ጎረቤታችን ላኩለት።