ሁለት ጎማ የሚያስተሳስር ብረት

ከመኪና አካላት መካከል እንደ ስታቢላይዘር ስሙ የማይነሳ ጥቂት ነው። ሞተር ያጓራል፣ መሪ በእጅ ይዳሰሳል፣ ፍሬን ሲከዳ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህ ግን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ፣ ጫፎቹ የታጠፉ ዝምተኛ የብረት ዘንግ ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡና እኩል ሲወርዱ አብሯቸው ይወጣል፣ አብሯቸው ይወርዳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ሥራው የሚጀምረው አንዱ ጎማ ከፍ ብሎ ሌላው ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዙን እየተቃወመም ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ሊያዘነብል የሚሻውን የመኪናዋን ገላ ይገታል።

ስለዚህ ዘንግ አጥብቄ ማሰብ የጀመርኩት ልጄ መንጃ ፈቃድ አውጥታ የአያቷን ቮልስ ካልነዳሁ ባለች ጊዜ ነው። መኪናዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1965 ሥሪት ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በእርጋታ ነድቷታል። ኩርባ ላይ ስታዘነብል፣ «ስማት፤ እየነገረችህ ነው» ይለኝ ነበር። ለእርሱ ማዘንበሏ ጉድለት ሳይሆን ቋንቋ ነበር። ልጄ የምትነዳበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ከኋላዋ ሲኖትራክ ጡሩንባውን ይነፋል፤ ከፊቷ ሚኒባስ ሳያስጠነቅቅ ይቆማል፤ መሪውን በድንገት መጠምዘዝ ግድ የሚላት ቀን ይመጣል። የዚያን ቀን መኪናዋ ምን ታደርጋለች? ጥያቄው እንቅልፍ ይነሳል።

አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ወፍራም ስታቢላይዘር ሊልክልኝ ቃል ገባ። ስልክ ደውሎ፣ «የፊቱን ብቻ ነው ወይስ የኋላውንም?» አለኝ። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲገዙ ዋጋው ቀነስ ይላል። ሁለት ከአንድ ይሻላል የሚል ሰው ወዲያው «ሁለቱንም» ይል ይሆናል። እኔ ግን ጊዜ ስጠኝ አልኩት።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ስታቢላይዘር የዚህ ተረት አገልጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። መኪና ስትታጠፍ ከውስጠኛው ጎን ወደ ውጨኛው የሚዛወረው ክብደት በጥቅሉ የሚወሰነው በፍጥነቷ፣ በኩርባው ጥበት፣ በክብደቷ፣ በቁመቷና በጎማዎቿ መራራቅ ነው። ዘንጉ ከዚህ ድምር ይህ ነው የሚባል ነገር አይቀንስም። የሚወስነው ከሸክሙ የሚበዛውን የፊቶቹ ጎማዎች ይሸከሙት ወይስ የኋላዎቹ የሚለውን ነው። የተጠናከረው ወገን የበለጠ ይሸከማል፤ የበለጠ የተሸከመውም አስቀድሞ መሬቱን ይለቃል። ስለዚህ ዘንግ መምረጥ ማለት መኪናዋ አቅሟ ሲያልቅ በየትኛው በኩል ትሸነፍ ብሎ መፍረድ ነው። ፊቷ ከተሸነፈ ወደ ቀጥታ ትገፋለች፤ ነጂውም እግሩን ከነዳጅ አንስቶ የመመለስ ዕድል አለው። ኋላዋ ከተሸነፈ ግን ትሽከረከራለች።

ቮልስ ደግሞ ኋላዋ ከባድ ነው። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎቿ ላይ ነው። በዚያ ላይ የ1965ቷ የኋላ አክስሎች የሚታጠፉት ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው፤ ጎማው ከአክስሉ ጋር አንድ ሆኖ፣ በር በማጠፊያው እንደሚወዛወዝ ይወዛወዛል። በኃይል ስትታጠፍ የመኪናዋ ኋላ ወደ ላይ ይነሳል፤ ውጨኛው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ መሬት የሚነካው ገጹም ይጠባል። ኩርባው መሐል በድንጋጤ እግርን ከነዳጅ ማንሳት ነገሩን ያብሰዋል። ፋብሪካው ከፊት ስታቢላይዘር የጨመረው ከ1960 ሥሪት ጀምሮ ነው። በ1967 ሥሪት ላይ ለኋላ የጨመረው ዘንግም የሁለቱን ጎማዎች አብሮ መውጣትና መውረድ የሚገታ እንጂ ማዘንበልን የሚቃወም አልነበረም። እዚህ ላይ መልሴን አገኘሁት፤ ለእንዲህ ያለ አክስል ከኋላ ወፍራም ስታቢላይዘር ማሰር በደከመ ትከሻ ላይ ሸክም መጨመር ነው።

ይህ ዘንግ አንድ ጊዜ የአሜሪካ ሸንጎ መነጋገሪያ እስከመሆን ደርሷል። የቼቭሮሌት ኮርቬር ሞተሯ ከኋላ፣ አክስሏም እንደ ቮልስ ነበር። ከ1960 እስከ 1963 የተሠሩት የፊት ስታቢላይዘር ከፋብሪካ አብሯቸው አይመጣም ነበር። በ1964 መደበኛ ሆነ። የሕግ ሰው የሆነው ራልፍ ናደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለዚህችው መኪና ሰጠ። በ1972 የወጣ የመንግሥት ጥናት በበኩሉ ኮርቬር ከዘመኗ መሰሎች የከፋች አይደለችም ብሏል። ክርክሩ ያስተማረኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ በርካሽ የሚገዛ ብረት መኖሩና አለመኖሩ የሰው ሕይወት ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

የቀረው ውፍረቱ ነበር። የዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ከ16 ሚሊሜትር ወደ 19 ብቻ ሲወፍር ጥንካሬው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሆኖም ሁለት ጎማ ያስተሳሰረ ብረት ደስታንም መከራንም ያስተሳስራል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ይንገጫገጫል፤ የሰፈራችን ኮብልስቶንም ምሕረት የለውም። ከዚያም በላይ የአባቴ ቃል ነበር፤ ፈጽሞ የማታዘነብል መኪና ዳር ላይ መድረሷን አትናገርም።

ከፊቶቹ ቀጠን ያለውን አስመጣሁ፤ ኋላዋን አልነካሁም። መካኒኩ ያረጁትን የላስቲክ ቡሾች አብሮ ቀየረ። «ጋሼ፣ ላስቲኩ ካለቀ ብረቱ ቢወፍር ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጎሚስታውንም የፊቶቹን ጎማዎች ነፋስ ከኋላዎቹ አሳንሶ እንዲሞላ ነገርኩት፤ ቮልስ የምትፈልገው እንደዚያ ነውና።

ባለፈው እሑድ ልጄ መሪውን ይዛ ከእንጦጦ ወረድን። ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ «አባዬ፣ ትንሽ አዘነበለች እኮ» አለችኝ።

«ሰማሻት?» አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም። ሦስተኛው ኩርባ ገና ሳይደርስ እግሯን ከነዳጁ አነሳች።