ናፍቆት የሌለበት ደብዳቤ

የሥራ ማመልከቻ ሲጻፍ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው መስመር ነው። ትምህርቱም የሥራ ልምዱም በወረቀት ተሰናድቷል፤ የጠፋው ተቀባዩ ነው። አቶ ይባል ወይስ ወይዘሮ? ወይዘሮ ተብላ ወይዘሪት ብትሆንስ? ያለ «ዶክተር» ስሙ ሲጠራ የሚከፋው ቢሆንስ? መቼም «እርስዎ» ባይኖርልን ኖሮ ስንቱ ማመልከቻ ገና ከጅምሩ በቀረ ነበር።

ለዘመድ ሲጻፍ ይህ ጭንቀት የለም። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ» ተብሎ ወደ ጉዳይ ይገባል። አይቶት የማያውቀውን የሰው ሀብት ኃላፊ «ናፈቁኝ» የሚል ሥራ ፈላጊ ግን ለፈተና ሳይጠራ ይወድቃል።

ብዙዎቻችን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለን እንገላገላለን። ለምስክር ወረቀት ደግ ነው፤ ባለቤቱ ይዞት ብዙ በር ያንኳኳበታልና። ለማመልከቻ ግን አይሆንም። ሁሉን የሚመለከት ጉዳይ ማንም «አይመለከተኝም» እንደሚለው ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ያውቀዋል።

በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች መላውን ቀድመው አግኝተውታል፤ የሚጽፉት ለወንበር ነው። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከሥሩ ከተማው፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»። ሹም ይሻራል፣ ይዛወራል፤ ወንበሩ ግን አለ። ደብዳቤውም ቢሆን የአንድ ሰው አይደለም። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ይመራዋል፣ ባለሙያው ያነበዋል። የሦስቱም ስም ቢታወቅ ሰላምታው ለየትኛው ሊሆን ነው?

ስም ማወቅማ ዐፄ ቴዎድሮስንም አልጠቀማቸውም። በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ ተቀባይዋን በስም ጠርተዋል፤ ሰላምታም አላጓደሉም። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡ ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፤ ጠቡ እየከረረ ሄዶ በ1868 መቅደላ ላይ በሞታቸው ተደመደመ። ደብዳቤው ንግሥቲቱ ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ የጽሕፈት ቤቱን ሰው ማለፍ ነበረበት።

እንግዲህ እኔ ብመክር፣ ሰላምታ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ለ«ጉዳዩ» ይሁን እላለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ሳይዛነፍ፣ የሥራ መደቡና ማስታወቂያው የወጣበት ቀን ሳይዘለል ይጻፍ። ደብዳቤውን መጀመሪያ የሚከፍተው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወዴት እንደሚልከው በአንድ እይታ ካወቀ፣ ከዚያ በላይ አክብሮት አይፈልግም። ናፍቆቱ ለደመወዝ ቀን ይቆየን።