ኬኩን የተሸከመው ዳቦ

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ትልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ልጅ ልደት ነው። ግን በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ይጠቅማል ብለን ነው።

ልጃችን 6 ዓመት ሊሞላው ሲል "ለልደትህ ምን እናዘጋጅ?" አልነው። "ኬክፖፕስ!" አለ። ኳስ የመሰለች፣ ቸኮሌት የለበሰች፣ ቀጭን እንጨት ላይ የተሰካች ትንሽ ኬክ ናት። የጋን ጓደኛው ልደት ላይ ቀምሷል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዕብራይስጥ "ኢማ፣ የሳቭታ ዳቦ ግን ጠረጴዛው ላይ አይሁን፤ ልጆቹ አያውቁትም" አለ።

አያቱ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ዕብራይስጥ ብዙም አይሰሙም፤ "ዳቦ" የምትለዋን ግን ሰምተዋል። ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አስተካክለው በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

ልጁን ልንቆጣው ፈልገን ነበር፤ ግን ምን ብለን? ባለፈው ዓመት ጎረቤት ሲጠራን የእናታችንን ዳቦ ቤት ትተን ከሱፐር የተገዛ ኬክ ይዘን የሄድነው እኛው ነን። ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው።

ኬክፖፕሱን አሠርተን እንዳናመጣ ዋጋው ከበደን። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ቤት ልንሠራው ተነሣን። እናታችን በአንድ በኩል የሰንበት ዳቧቸውን ሊጥ ያቦካሉ፣ እኛ በሌላ በኩል ኬኩን ይዘናል። ከሥጋ ምሳ በኋላ የሚመጡ ልጆች ስላሉ ፓርቬ እንዲሆን በወተት ፈንታ በብርቱካን ጭማቂ፣ በቅቤ ፈንታ በዘይት ጋገርነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅም ስላለ የቸኮሌቱን ማሸጊያ ደጋግመን አነበብን።

ኬኩ ሲበርድ መፈርፈር ጀመርን። ይኼኔ እናታችን ሳቅ አሉ፦ "ጋግራችሁ መልሳችሁ ትፈረፍሩታላችሁ? ይኼማ ፍርፍር ነው እኮ!"

እውነታቸውን ነው። ግን ማርመላታ አብዝተን ኖሮ ፍርፋሪው እጃችን ላይ ተጣበቀ፤ እንጨት ስንሰካበትም እየተንሸራተተ ወደቀ። እናታችን እጃቸውን ታጥበው መጡና ጎድጓዳ ሳህኑን ሳቡት። ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት። "ርሶባችኋል። ደረቁን ጨምሩበት" አሉ። ጨመርን። ከዚያ እንደ ጭብጦ እያድቦለቦሉ ይደረድሩት ጀመር። የእኛ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፤ የእሳቸው ግን ሚዛን ሳይነኩ ሁሉም እኩል።

ልጁ ቀረብ ብሎ ሲያይ ቆየና በአማርኛ "ሳቭታ፣ እንዴት ነው?" አለ። በቤታችን በዕብራይስጥ ካልሆነ የማይጠይቅ ልጅ ነው። ትንሿን እጁን በሁለት እጃቸው መሐል ያዙና "አትጫነው፤ አዙረው። እንዲያ" አሉት። እኛ ቸኮሌት ማቅለጥ ላይ ነበርን፤ ሁለታችንም ወደዚያ ላለማየት ሞከርን።

መሥራት ለምትፈልጉ፦ ለግማሽ ኪሎ ኬክ በ2 የሾርባ ማንኪያ ማርመላታ ጀምሩ፤ ሲጨበጥ ካልያዘ ብቻ ጥቂት ጨምሩ። 20 ያህል ይወጣዋል። ያድቦለቦላችሁትን አንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ቸኮሌቱን በፈላ ውሃ እንፋሎት አቅልጡት፤ ጠብታ ውሃ እንዳይገባበት፣ ይጓጉላል። እንጨቱን መጀመሪያ ጫፉን ቸኮሌት አስነክታችሁ ሰክታችሁት ይርጋ፤ ከዚያ ነው ሙሉውን የምትነክሩት። ያኔ አይወድቅም።

አርብ ጠዋት አንድ ነገር ጎደለን። እነዚያን ሁሉ በምን እናቁማቸው? ሳህን ላይ ስናስተኛቸው ቸኮሌቱ ተጣበቀ። እናታችን ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ለቡራኬ የሚሆነውን ሙሉውን ዳቦ ለይተው ሸፍነው አስቀመጡ፤ ሁለተኛውን አምጥተው ጠረጴዛው መሐል ቁጭ አደረጉት። "እዚህ ላይ ትከሉት" አሉ። እኛ ደነገጥን። "ዳቦ አይወጋም" የሚሉን እሳቸው ነበሩ። "ለእንግዳ አይደል የተጋገረው? እስኪበላ ድረስ ሥራ ይሥራ" አሉን። ወደ ልጁ ግን አላዩም።

እሱ ነው አንድ በአንድ የተከለው።

እንግዶቹ መጡ። ኬኩ በደቂቃ አለቀ። አንዲት ልጅ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን ዳቦ እያየች "ይሄስ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። እኛ ልንመልስ አፋችንን ስንከፍት ልጃችን ቀደመን፦ "ዳቦ ነው። ሳቭታ ናት የሠራችው፤ ኬኩንም እሷ ናት።" ቆርሶ ሰጣት። ሌሎቹም ተከትለው እጃቸውን ዘረጉ። ለሰንበት የተሸፈነው ባይኖር ኖሮ ማታ ባዶ ጠረጴዛ ነበር የሚጠብቀን።

ወገኖቻችን፣ ልጆቻችን በሽማግሌዎቻችን የሚያፍሩት ሁልጊዜ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለሚያዩአቸው ይመስለናል። እኛም ለድግስ ስንዘጋጅ "እማዬ፣ አንቺ አትድከሚ፣ አረፍ በይ" እንላለን፤ አክብሮት መስሎን። እጃቸው የሚያውቀውን እንዲያሳዩ ብንጠራቸው ግን የልጅ ልጃቸው በምን ቋንቋ እንደሚጠይቃቸው ራሱ ያገኘዋል።

ሰንበት ሰላም።